ሁለተኛው ፍሬን

የመንጃ ፈቃድ አስተማሪው ስለ ጤናው ሲያወራ ምላሱ ፍሬን አልነበረውም። ኤችአይቪ በደሙ ከተገኘ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መድኃኒት ግን ቀምሶ አያውቅም። በተመረመረ ቁጥር ቫይረሱ መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በታች ነው። ምስጢሩን ሲጠይቁት ደረቱን ነፍቶ «ወኔ ነዋ!» ይላል። ወኔው በየማለዳው በላዩ ላይ የሚያፈሰው ቀዝቃዛ ውሃና በባዶ ሆዱ የሚያኝከው ነጭ ሽንኩርት ነበር። ተማሪዎቹ መስኮት ከፍተው የሚነዱት ለነፋሱ ብለው አልነበረም።

አንድ ማለዳ ከመታጠቢያ ቤት ጩኸት ሰማ። ፀጉር ሠሪዋ ታናሽ እህቱ ውሃ እያንጠባጠበች፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ወጣች። ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ወኔ ጀመርኩ፣ ጋሼ። ክኒኑን ከትናንት ወዲያ ተውኩት። ያንተ እህት አይደለሁ እንዴ?»

እሷም ቫይረሱ አለባት። መጀመሪያ ግን፣ ጉድ በሉ፣ ኮራ! ወዲያው ግን ክኒን ከመጀመሯ በፊት አጥንቷ ብቻ ቀርቶ በጀርባው አዝሎ ሆስፒታል ያደረሳት ቀን ትዝ አለው። ሳትደርቅ ጎትቶ ክሊኒክ ወሰዳት።

«ዶክተር፣ ወኔ እንዳልሆነ ይንገሯት» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም ልስማው።»

ዶክተሯ ሳቀች። «ሽንኩርቱ ትንኝ ካባረረልዎ ጥሩ ነው። ያለ ክኒን ቫይረሱን መያዝዎ ግን የዘር ውርስ ነው። ቫይረሱ እንደ መኪና ሌባ ነው፤ ቀለሙን እየቀባባ ያመልጣል። የእርስዎ ሰውነት የሚይዘው በሻንሲው፣ በመኪናው አጥንት ነው። ቫይረሱ ሻንሲውን ከነካካ ደግሞ ራሱ መሄድ ያቅተዋል።»

«እኔስ? አንድ እናት አንድ አባት ነን!» አለች እህቱ።

«ልጆች ሁሉ እኩል አይወርሱም። ያንን ትልቅ አፍንጫ እሳቸው ወሰዱት፣ አንቺ ተረፍሽ። ደግሞ ያለ ክኒን ምን ሆነሽ እንደነበር ረሳሽው? እሳቸውም ቢሆኑ ቫይረሱ አንድ ቀን ሊያመልጣቸው ይችላል። ክኒን ይጀምሩ እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ።»

አስተማሪው ወንበሩ ላይ ኩምሽሽ አለ። የማስተማሪያዋ መኪና በእሱ በኩል ሁለተኛ ፍሬን አላት። ጀማሪ ተማሪ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ እሱ ከጎን ይረግጣል፤ መኪናዋ ትቆማለች። ተማሪው ላቡን እየጠረገ «አየህ እንዴት እንዳቆምኳት!» ሲል፣ አስተማሪው በሆዱ ይስቅበታል። ይኸው እሱ ስንት ዓመት ሙሉ ያ ተማሪ ሆኖ ኖሯል! አባቱ ወይም እናቱ፣ የትኛቸው እንደሆኑ እንኳ አያውቅም፣ ከጎኑ ተቀምጠው ፍሬኑን ረግጠውለታል፤ እሱ አቆምኳት እያለ ይፎክራል። እህቱን ደግሞ ሁለተኛ ፍሬን በሌላት መኪና ቁልቁል ሊለቃት ነበር።

«በይ እህቴ፣ ወደ ክኒንሽ ተመለሺ» አላት።

«አንተ ሳትውጥ አልውጥም።»

ምርመራው አልቆ ክኒኑ መዳፉ ላይ ተቀመጠ። ጥሬ ሽንኩርት እንደ ከረሜላ የሚያኝከው ሰውዬ ዓይኑን ጨፈነ፣ ትን አለው፣ ዕንባው ወረደ፤ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጨርሶ ነው የወረደለት።

«ወኔህ የታለ፣ ጋሼ?» አለችና የራሷን ያለ ውሃ ዋጠችው።