የእናቴ እርጥብ መደብ

ጣና ዳር የነበረው የአባቴ ቤት አንድም ወንበር አልነበረውም። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ የጭቃ መደብ ግን ቤቱን ዙሪያውን ይዞት ነበር። ቀን እንቀመጥበታለን፤ ማታ እንተኛበታለን። የአባቴ ብራና፣ የእናቴ ቅል፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ኮተት ሁሉ እሱ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ከመደቡ ላይ የሚነሣው ዕቃ ከእንግዳው ይበዛ ነበር።

ደርግ በገባ በጥቂት ዓመቱ ባሕር ዳር ፋብሪካ የሚሠራ አንድ መካኒክ ሊያገባኝ ፈለገ። እኔም ፈልጌ ነበር፤ እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ከሱ ይልቅ የቸኮልሁት እኔ ነኝ። አባቴ ግን መሪጌታ ናቸው፤ አንዴ እምቢ ካሉ አለቀ።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት ቀን እናቴ ቤቱ ይመርልኝ ብላ ማለዳ ጭቃ በጭድ አቡክታ መደቡን መረገችው።

«ዛሬ? መቼ ሊደርቅ?» አልኋት።

«ምን ቸገረሽ፤ ሽማግሌ እንደሁ ነገሩ ሳያልቅለት አይቀመጥ!»

እውነቷን ነው። ባገራችን ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ተቀመጡ ቢሉት ቆሞ ይለምናል እንጂ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም።

መካኒኩ ግን ዘመዶቹ ሩቅ ስለሆኑ የላካቸው የፋብሪካ ባልደረቦቹን ነበር። ሦስቱም ካኪ ለብሰዋል። ትልቁ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አንዳቸውም ከዚያ በፊት ሽማግሌ ሆነው አያውቁም። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አያለሁ። አባቴ እንደ ወጉ «ተቀመጡ እንጂ» አሉ። ሦስቱም «እግዜር ይስጥልን» ብለው ቁጭ! ከፀሐይ ስለገቡ ቤቱ ጨልሞባቸዋል። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ጭቃው ቀስ እያለ ተቀበላቸው። ሦስቱም ተሰምቷቸዋል፤ ግን አንዱም አልተነሣ። ትልቁ ላብ እያጠመቀው «ጓድ መሪጌታ...» ብሎ ጀመረ። ጓድ! ባሌን ገና ሳላገባው ቀበርሁት።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰሙና «ከዘመድ እንምከርበት፤ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሉ። ይህ ለማንም የሚባል ነው፤ እሺም እምቢም አይደለም። ሰዎቹ ሲነሡ ጭቃው ከሱሪያቸው ጋር አብሮ ተነሣ። አባቴ ሸኝተዋቸው ሲመለሱ «ልጅ ሊጠይቁ መጥተው ቤቴን ይዘውት ሄዱ» አሉ። ፊታቸውንም ባየው ባየው አልነበብ አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግሥቱ እናቴ የሦስቱን መቀመጫ ጉድጓድ ልትደፍን እጇን ጭቃ ውስጥ እንዳስገባች አባቴ ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ፣

«ተይው» አሏት።

«ምነው?»

«ሲመለሱ ይቀመጡበታል።»

እንስራዬን አንሥቼ ውኃ ልቀዳ ብዬ ወጣሁ። ጣና ዳር ስደርስ ግን ቁጭ ብዬ በደስታ አለቀስሁ።