የላም ሆድ በውርድ ንባብ

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህሩ ወላጆችን ሰብስቦ፣ «ልጆቻችሁን ክረምቱን አስነብቧቸው። ዝም ካላችኋቸው የተማሩትን ዝናቡ ጠርጎ ይወስደዋል» አለን። ከደሴ ተመድቦ መካነ ሰላም የመጣ ልጅ እግር ሰው ነበር። ሌሎቹ የእርሻቸው ነገር አሳስቧቸው ወዲያው ተነሡ። እኔን ግን አስቀረኝ። ልጄ ከአምስተኛ ወደ ስድስተኛ ክፍል እንዳታልፍ ሳይንስ ጥሏታል።

«እትዬ፣ ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም» አለኝ። «ይህን መጽሐፍ ክረምቱን ታንብበው። መስከረም ላይ እኔው ራሴ እጠይቃታለሁ። ከመለሰች ትዛወራለች።»

መጽሐፉን በማዳበሪያ ላስቲክ ጠቅልዬ፣ በጋቢዬ ሥር አስሬ ወደ ቤት ወጣሁ። ከዝናቡ ይልቅ ያስፈራኝ ቤት የሚጠብቀኝ ነገር ነበር። ባለቤቴ ቄስ ናቸው። ከላላ ወረዳ ያሉ ወዳጆቻቸው ልጅቷን ለልጃቸው ጠይቀው መልስ እየጠበቁ ነበር። ባለቤቴ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ጊዜው የደርግ ነው፤ ያላገባች ተማሪ ዛሬ ለወጣት ማኅበር ስብሰባ፣ ነገ ለዘመቻ ትፈለጋለች። «ጓዶቹ ሳይወስዱብኝ በወግ ልዳራት» ይሉ ነበር። ብዙ ለምኛቸው በመጨረሻ፣ «እንግዲያው ካለፈች ትማር። ከወደቀች ግን ለከላላ ቃሌን እሰጣለሁ» አሉ።

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ማንበቡን አነባለሁ፣ የሳይንሱ ቃላት ግን ይከብዱኛል። ስለዚህ በቤታችን ያሉትን የተማሩ ሰው፣ ባለቤቴን፣ ለመንኩ። «አንቱ ያስነብቧት፤ አንቱ ከያዟት ትበረታለች።»

«እኔ የማስነብበው ዳዊት ነው። የጓዶቹን መጽሐፍ ምን ብዬ ነው የምይዘው?»

«ስለ ላም ነው የሚያወራው።»

«ላምን ለማወቅ ነው ልጄ ከተማ ድረስ የምትመላለሰው?» አሉና ተቀብለው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ሥዕሉን ሲያዩ ደነገጡ። «ሆዷን ቀደው ነው የሣሏት! ምን በደለቻቸው?»

በማግሥቱ ግን ስንደዶ ቆርጠው ለልጅቷ ሰጧትና መደቡ ላይ አጠገባቸው አስቀመጧት። ያስተማሯትም እሳቸው በልጅነታቸው በተማሩበት መንገድ ነው። መጀመሪያ በስንደዶው ፊደል በፊደል እያመለከተች፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ ማለት ድምፅን እየሳቡ በዜማ፣ ከዚያ ያለ ዜማ ፈጠን ብሎ በቁም ንባብ፣ በመጨረሻም መጽሐፉን ከድና በቃሏ። «የላም ሆድ አራት ክፍል አለው» ትላለች እየተወዛወዘች፤ ቤቱ ቅዳሴ የገባ ይመስላል። አንዲት ቃል ከሳተች ከገጹ ራስ ትጀምራለች። ባለቤቴ ከሴት ልጃቸው ጋር ያን ያህል ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። ደስ ብሏቸው ነበር። እኔም እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ጎረቤታችን ኩበቷን ከዝናብ ልታስገባ ስትሮጥ በራችን ላይ ቆማ አዳመጠች። «ምነው፣ ላሟን ሊያቆርቧት ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ፊቴን አይታ፣ «አብሽሪ፣ ጨዋታዬን ነው» አለችኝ።

ልቤን የከበደኝ ሌላ ነገር ነበር። አንድ ቀን ባቄላ ስንፈለፍል፣ «ሁለተኛው ክፍል ምን ይሠራል?» አልኳት። «የላም ሆድ አራት ክፍል አለው» ብላ ጀመረች። ሁለተኛውን ብቻ ንገሪኝ አልኳት። «ከላይ ካልጀመርኩ አይመጣልኝም፣ እማዬ» አለች።

ለባለቤቴ ነገርኳቸው። «መምህሩ ጥያቄ ነው የሚጠይቃት» አልኳቸው።

«ንባቡ ሳይጸና ምን ትርጓሜ አለ? ትርጓሜ ኋላ ይመጣል። እኔ ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ!»

መስከረም ግን አይጠብቅም፤ ይህን በሆዴ ያዝኩት።

ፍልሰታ ሲገባ እሳቸው ሱባኤ ገብተው ቤተ ክርስቲያን ሰነበቱ። ልጄንና እኔን ጉሙ ከላማችን ጋር ቤት አስቀረን። በረቱ ደጃፍ ቁጭ ብለን፣ መጽሐፉን ጉልበታችን ላይ ዘርግተን ላሟን እናያት ጀመር። «አሁን ምን እያደረገች ነው?» እላታለሁ። «ታመሰኳለች። ጠዋት ሳታኝክ የዋጠችውን ሣር መልሳ አምጥታ ነው» ትለኛለች። ለምን ስላት አሰበች። «ሜዳ ላይ ጅብ ቢመጣባትስ? ቶሎ ቶሎ ትውጥና ስትተኛ ረጋ ብላ ታኝከዋለች።» ከዚያ ሥዕሉን አየችና ጮኸች። «እማዬ! ይኼኮ ሽንፍላው ነው! ለፋሲካ ያጠብነው! እንደ መጽሐፍ ቅጠል ቅጠል የነበረው!»

መጽሐፉ ይህን አይልም። ከራሷ ያመጣችው ነው። በዚያ ክረምት እፎይ ብዬ የተኛሁት በዚያ ሰሞን ብቻ ነው።

ባለቤቴ ሱባኤውን ጨርሰው እንደመጡ አስቀምጠው ጠየቋት። ልጄ ደስ ብሏት ስለ ጅቡና ስለ ሽንፍላው ነገረቻቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ማን ቃል ጨምሪ አለሽ? የተጻፈ ይለወጣል? ሁሉ ጠፍቶባታል!» ቃል መለወጥ እሳቸው በተማሩበት ቤት ትልቅ ጥፋት ነው። ልጄ ወደ እኔ አየች። ብናገር ተቆጥተው «ካለፈች ትማር» ያሉትን ቃል ያነሡብኛል ብዬ ፈራሁ። ከመጀመሪያው ገጽ አስጀመሯት፤ ክረምቱ እስኪወጣ በዜማ ቀጠለች።

በመስከረም ሦስታችን ወረድን። ባለቤቴ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው እንደ ክብረ በዓል ነበር የሄዱት። መምህሩ ክፍሉ ውስጥ ልጄን ፊቱ አቁሞ፣ «እስቲ ንገሪኝ፣ ላም ለምንድን ነው የምታመሰኳው?» አላት።

በሆዴ ተመስገን አልኩ። ይህንን ታውቀዋለች።

ልጄ አባቷን አየች። ዓይኗን ጨፈነችና፣ «የላም ሆድ አራት ክፍል አለው» ብላ በዜማ ጀመረች። በመስኮት የሚያዩ ልጆች ሳቁ።

«ቆይ፣ ቆይ። በራስሽ ቃል ንገሪኝ።»

እንደገና ወደ አባቷ ዞረች። እኔ ከኋላ በከንፈሬ ጅቡ፣ ጅቡ እላለሁ፤ አላየችኝም። መምህሩ ደግሞ ጠየቃት። እሷም ደግማ ከላይ ጀመረች፣ እስከ ገጹ መጨረሻም ወረደችው።

«አንድ ቃል ሳተች?» አሉ ባለቤቴ።

«አልሳተችም፣ አባ።»

«ታዲያ?»

«የጠየቅኋትን አልመለሰችልኝም።» መምህሩ ይህን ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ስንመለስ ባለቤቴ ከእኛ ቀድመው ሄዱ። አቀበቱ ላይ ቆሙና፣ «እኔንኮ ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው» አሉ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ሰው የሞተባቸው ይመስሉ ነበር። ቃላቸውን ግን ለከላላ ሰጡ።

ጥር ላይ ልጄን በበቅሎ ሊወስዷት መጡ። የኮርቻውን ግላስ እያስተካከልኩ ጠጋ አልኳት። «መምህሩን ለምኜ መጽሐፍ እልክልሻለሁ። ክረምት ሲሆን ታነቢያለሽ።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ትስቅልኝ ብዬ፣ «ሽንፍላው ምን ይመስላል ነበር ያልሽኝ?» አልኳት።

«ረሳሁት፣ እማዬ» አለች።

የባሏ ወንድም ልጓሙን ይዞ፣ «በሉ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» ብሎ በቅሎዋን ሳባት።