አራት ዋት

አንዲት አሮጊት ሾፌር ዋዮሚንግ ውስጥ ካለው የከባድ መኪና ማረፊያችን ስትደርስ፣ እህል ሳትቀምስ የአንቴናዋን እግር “ዝገት ድምፅ ይሰርቃል” እያለች በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍጋለች። ስሟን የሚያውቅ የለም። ከሌሎች ሾፌሮች ጋር የምትነጋገርበት የመኪናዋ ሬዲዮ ኃይል ሕግ ከፈቀደው አራት ዋት አያልፍም። የተከለከለ የሞገድ ማጉያ ከወንበሩ ሥር የደበቀው ሾፌር ቨርን፣ “እማማ፣ በዚህ የሚሰማሽ ዝንብ ብቻ ነው!” እያለ ያሾፍባታል።

ትናንት በረዶው መንገዱን ሲዘጋ ባልደረባችን ሎይድ ጠፋ። ቨርን በአምስት መቶ ዋት ያለ ፋታ ተጣራ፤ በዚህ ሬዲዮ ደግሞ እየተናገሩ መስማት አይቻልም። ትንፋሽ ሊወስድ ሲያቆም፣ እሷ ጆሮዋን ሬዲዮዋ ላይ ለጥፋ ነበር።

“ዝም በልማ! እየመለሰልህ እኮ ነው!”

ከዚያ በራሷ ሬዲዮ ረጋ ብላ ጠየቀች፦ “ሎይድ፣ ሰምተንሃል። የት ነህ?”

“ድልድዩ ጋ... ደህና ነኝ” አለ ቀጭን ድምፅ። ግቢው በሾፌሮቹ የደስታ ክላክስ ተናወጠ።

እሷ ጓንቷን እያጠለቀች ወደ ቨርን ዞረች።

“ሕጉ የገደበው አፍን ነው፣ ልጄ። ጆሮህን ማን ከለከለህ?”