ከክቡ የጎደለው ድንጋይ

ከቦኬ ወጣ ብሎ፣ በሀኒፋ የማሽላ ማሳ ጠርዝ ላይ፣ በክብ የተተከሉ ረጃጅም ድንጋዮች አሉ። ማን እንደተከላቸው የሚያውቅ የለም፤ የሚነካቸውም አልነበረም። ሀኒፋ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳውን ብቻዋን ስታስተዳድር ስለ ድንጋዮቹ ብዙም አስባ አታውቅም።

ነገሩ የተለወጠው ሚካል የምትባል የቅርስ ባለሙያ ከጭሮ መጥታ፣ ቦታው የተጠበቀ ቅርስ መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ካስተከለች በኋላ ነው። ጥበቃውን ለሀኒፋ ሰጠቻት።

«ከሥሩ ወርቅ ባይኖርማ ለድንጋይ ዘበኛ ይቀጠራል?» አለ ገበያተኛው።

ወሬው ጆሮዋ ሲደርስ ሀኒፋም በተራዋ ሰውን ሁሉ መጠርጠር ጀመረች። መንገደኛ እዚያ አካባቢ አረፍ ካለ እስኪነሳ ዓይኗን ከላዩ አትነቅልም። ሚካልን ራሷን አላመነቻትም፤ «ዛሬ ሰሌዳ፣ ነገ አጥር፣ ከዚያ መሬቴ» ትል ነበር በሆዷ።

አንድ ቀን ጠዋት ስትመጣ አንዱ፣ ጫፉ ሰያፍ የሆነው ድንጋይ፣ የለም። ጉድጓዱ ትኩስ ነው፤ የተጎተተበት ዱካ እስከ መኪናው መንገድ ይሄድና ይጠፋል።

ጎረቤቷ ቡርሃን ያን ሰሞን ለአዲስ ቤቱ የመሠረት ድንጋይ ይሰበስብ ነበር። በቀጥታ እሱ ዘንድ ሄደች።

«ቡርሃን፣ ድንጋዩን መልስ!»

«የቱን?»

«የምታውቀውን!»

«ወላሂ፣ አያቴ ያልነካውን እኔ አልነካም።»

«ታዲያ ምን አስላበህ?»

«ድንጋይ ተሸክሜ አይደል እንዴ!»

ሰው ተሰበሰበ፤ የመስጊዱን ግንባታ የሚመሩት ሐጂ ዓሊዩም መጥተው ቆሙ። ሀኒፋ በሁሉም ፊት «ሌባ» አለችው። ቡርሃን አካፋውን ጥሎ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ሚካል መጣች። ሐጂ ዓሊዩ፣ «ለአንድ ድንጋይ ይህ ሁሉ ግርግር?» አሏት።

«ሐጂ፣ እነዚያ ሰዎች ጽሑፍ አልተዉልንም። ሙታናቸውን የቀበሩበት ይሁን የተሰበሰቡበት፣ ከአተካከሉ ነው የምናጠናው። አንዱ ከቦታው ሲነሳ የምናውቅበት መንገድም አብሮ ይጠፋል» አለች።

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። ሀኒፋ አየቻቸው፤ አላማራትም።

ዓርብ ዕለት ውዱእ ልታደርግ፣ ለሶላት ልትታጠብ፣ መስጊዱ ግቢ ገባች። ከቧንቧው ሥር አዲስ ደረጃ ተሠርቷል። ጫፉ ሰያፍ ነው፤ ጎኑ ላይ ቢጫ የድንጋይ ሽበት አለው። ከክቡ የጠፋው እሱ ራሱ ነው።

«ሐጂ፣ ይህን ከየት አመጡት?»

«ሠራተኞቹ ናቸው ያመጡት። ድንጋይ ድንጋይ ነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም፤ በኋላ ነው የገባኝ።»

«ቡርሃን ሲሰደብ እዚያው ቆመው አልነበር?»

«አፈርኩ፣ ልጄ» አሉ ሐጂ ዓሊዩ።

ድንጋዩ ተነቅሎ ተመለሰ። ሚካል ቀድሞ ያነሳችውን ፎቶ እያየች ፊቱን አስተካክላ አስተከለችው። ሐጂም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን ለሰው ተናገሩ።

ሀኒፋ ቡርሃን ደጃፍ ሄደች። «አውፍ በለኝ» ብላ ይቅርታ ጠየቀችው።

«አውፍ ብያለሁ» አለ፤ ግን «ግቢ» አላላትም።

ብዙም ሳይቆይ ቡርሃን በእሱና በሀኒፋ ማሳ መካከል በእሾህ ማጠር ጀመረ። ከዚያ በፊት አጥር ኖሮ አያውቅም። ሀኒፋ ከወዲያ ማዶ ቆማ ጥቂት አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የተቆረጠውን እሾህ ታቀብለው ገባች። እሱም ቀና ሳይል ተቀበላት።