ዘር ሳይተካ ሞተ የተባለው ሻምበል

ሚኒሶታ ውስጥ ካለችው ከብሩክሊን ሴንተር የተነሣሁት በሚያዝያ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የመንገዴን ምክንያት ስነግራት እህቴ ሊያ ሳቀችብኝ። አንድ እንግሊዛዊ ሻምበል ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈው በኋላ፣ ልጅ እንደነበረው የሚያሳይ ማስረጃ ፍለጋ መሄዴ ነበር።

«የራሳችንን ዘመድ መቼ ጠይቀህ ታውቃለህ?» አለችኝ የመኪናዋን ቁልፍ እያቀበለችኝ። «አክስትህ እዚህ ብሉሚንግተን ተቀምጣ ለፋሲካ በቴክስት ነው እንኳን አደረሰሽ ያልካት።»

«እሷ አልጠፋችም። ያለችበት ይታወቃል።»

«ጋዝ ሞልተህ መልስ» አለችና በሩን ዘጋችው።

ሻምበሉ የሚስ ሩት ኮልቤሪ ቅድመ አያት ናቸው። ሚስ ሩት ከሰማንያ ዓመት አልፈዋል፤ በደቡብ ሚኒያፖሊስ ከአንዲት አሮጌ ድመት ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ኬርጊቨራቸው ነኝ፤ ምግብ አበስላለሁ፣ መድኃኒት አስታውሳለሁ፣ ዓይናቸው ስለደከመም አነብላቸዋለሁ፤ በቀሩት ቀናት ግጥም እጽፋለሁ። ነገሩ የጀመረው በክረምቱ፣ ሳነብላቸው ነው። ጄራልድ የሚባል የእንግሊዝ ዘመዳቸው የቤተሰቡን የዘር ሐረግ በመጽሐፍ ሊያሳትም ተነሥቶ ረቂቁን በኢሜይል ላከላቸው።

ኮልቤሪዎች ሽሮፕሺር በሚባል አውራጃ የኖሩ ባላባቶች ናቸው። በየትውልዱ የመጀመሪያው ልጅ መሬቱን ይወርሳል፣ ሁለተኛው ወታደር ይሆናል፣ ሦስተኛው ቄስ። የሚስ ሩት ቅድመ አያት ኤድዋርድ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ፤ በጦሩ ውስጥ ሻምበል ሆነው፣ ኋላ ወደ ሚኒሶታ መጥተው እርሻ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። ይህን ሚስ ሩት ከአባታቸው ሰምተው ያደጉት ነው። በጄራልድ ረቂቅ ላይ ግን ከሻምበሉ ስም ሥር አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፦ «ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ዘር ሳይተካ ሞተ።»

ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ደግሜ አነበብኩ።

«እንግዲህ እኔ አልተወለድኩም ማለት ነው» አሉ፣ ድመቷን እያሻሹ።

ጄራልድ ክፉ ሰው አይደለም። የቤተሰብ ወሬ አይበቃኝም፣ የሚታይ ነገር አሳዪኝ፣ መጽሐፉ በወሩ መጨረሻ ማተሚያ ቤት ይገባል አላቸው። የሚታይ ነገር ቢኖር የመቃብር ድንጋይ ነው። ሻምበሉ ሴንት ፖል ውስጥ መቀበራቸው በቤተሰቡ ይወራል፤ ሚስ ሩት ግን ለየመቃብር ቦታው ስልክ እየደወሉ «ኮልቤሪ» ባሉ ቁጥር «የለም» ነው መልሱ። የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ስልክ የማያነሣ።

ፎርት ስኔሊንግ

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጉድጓድ ሆኗል። ሚስ ሩት ሰማያዊ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሊፕስቲክ ተቀብተው ደጃፍ ላይ ጠበቁኝ። እየተደገፉ የሚሄዱበትን ዎከር አጥፌ ከኋላ ጫንኩት። መጀመሪያ ፎርት ስኔሊንግ የሚባለውን የድሮ የጦር ምሽግ እንይ አሉ፤ ሻምበሉ እርሻው ከከሰረ በኋላ እዚያ አካባቢ ፈረስ ይገሩ ነበር የሚል ወሬ ስላለ።

ምሽጉ ሁለት ወንዞች ከሚገናኙበት ገደል አፋፍ ላይ ነው። ግንቡ ማር የመሰለ ድንጋይ ነው፤ በላዩ አውሮፕላን በየደቂቃው እያጓራ ወደ ኤርፖርቱ ይወርዳል። ከመኪና ሳንወርድ፣ መስኮት ከፍተን ተመለከትን።

«ቤተሰቤ ያልዘመተበት አገር የለም» አሉ ሚስ ሩት። «ማንም ሳይጋብዛቸው ነው የሚሄዱት። ወደ እናንተስ መጥተው ነበር?»

«መጥተው ነበር፣ መቅደላ። ዘውድና የብራና መጻሕፍት ይዘው ተመለሱ።»

«ይቅርታ» አሉኝ፣ ዘውዱን ራሳቸው በቦርሳ እንደያዙት ሁሉ።

«የእርስዎ ሻምበል ነበሩበት እንዴ?»

«አላውቅም። ያኔ ወጣት መኮንን ነበር።»

«እንግዲያው ስናገኛቸው እንጠይቃቸዋለን።»

ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ውኃ አቀበልኳቸው።

ዩኒቨርሲቲ አቬኑ

ምሳ ሰዓት ላይ ሴንት ፖል ገባን። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ባቡሩ ደወሉን እያሰማ መሐል መንገዱን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ግራና ቀኙ ጎማ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ የሐዋላ ቤት ነው። እትዬ አልማዝ ቤት ገባን። ስድስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ናት፤ ሽሮ ዐሥራ አራት ዶላር፣ ሚጥሚጣው በነጻ። እትዬ አልማዝ ሚስ ሩትን ዎከራቸውን ይዘው ሲገቡ ሲያዩ ትራስ አምጥተው ወንበሩ ላይ አነጠፉ።

«ስማቸው ማነው?»

«ሩት።»

«ሩት! የእኛ ስም! ከየት ናቸው?»

«እዚሁ ነው የተወለዱት። ዘራቸው ግን ከእንግሊዝ ነው፣ ከሽሮፕሺር።»

«ከሽሮ ምን?»

«ሽሮፕሺር።»

«በል እንግዲህ፣ ምን እንደሚበሉ ታወቀ» ብለው ወደ ማድ ቤት ጮኹ፤ «አንድ ሽሮ! ሚጥሚጣ የሌለበት!»

ሽሮው እየተንተከተከ ሲቀርብ የመጣንበትን ጉዳይ ነገርኳቸው። «ዘር ሳይተካ ሞተ» የሚለውን በአማርኛ ስላቸው እትዬ አልማዝ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «በጠላት እንኳ አይባልም! ሴትዮዋ ቁጭ ብለው እየበሉ!» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ቆይ፣ እኔ ልጠይቃቸው። አንተ አስተርጉም። አባታቸው ማነው?»

«ሮበርት» አሉ ሚስ ሩት።

«የሮበርት አባት?»

«ዋልተር።»

«የዋልተርስ?»

«ሻምበል ኤድዋርድ ላይል።»

«ሩት ሮበርት፣ ሮበርት ዋልተር፣ ዋልተር ኤድዋርድ፣ ኤድዋርድ ላይል» ብለው እትዬ አልማዝ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። «ይኸው አምስት ቤት! ሰባት ቢሞላ እኮ እንድርላቸው ነበር። ምን ጎደለ? የምን ማስረጃ ነው የሚባለው?»

የተባለውን ስተረጉምላቸው ሚስ ሩት ለሠርጉ ምን ልልበስ አሉ። ሽሮውን ግን በማንኪያ እስከ ድስቱ ቂጥ ድረስ ጨረሱት።

መቃብሩ

የመቃብሩ ቦታ ኮረብታ ላይ ነው። በዛፎቹ ጥላ ሥር ያደረ በረዶ ነበር፤ ሣሩ ላይ ዝይዎች ተሰማርተዋል። ቢሮው ደረጃ ስላለው ሚስ ሩት መኪና ውስጥ ቀሩ፤ እኔ ብቻዬን ገባሁ። አንዲት ወጣት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች።

«ላስት ኔም?» አለችኝ።

ይህ የቤተሰብ ስም ጥያቄ እኛን ሁልጊዜ ያደናብረናል። እዚህ አገር ላስት ኔሜ የአያቴ ስም ነው። አባቴም ክሊኒክ ቀጠሮ ላይ በአባቱ ስም ሲጠሩት፣ ሟቹ ይመጡ ይመስል ዞር ብሎ በሩን ያያል። በዚያ ላይ የእትዬ አልማዝ ቆጠራ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ኤድዋርድ የማን ልጅ?

«ላይል» አልኳት። «ኤድዋርድ ላይል።»

ጻፈች። ትንሽ ጠበቀች። «አንድ አለ» አለችና በካርታ ላይ ክብ አሰመረችልኝ።

እየሮጥኩ ወረድኩ። «ተገኙ!» አልኳቸው።

«ምን ብለህ ጠየቅህ?»

«ኤድዋርድ ላይል።»

ፊታቸው ጠወለገ። «ልጄ፣ ላይል እኮ የአባቱ ስም አይደለም። የእናቱ ቤት ስም ነው። እኛ ጋ የእናትን ቤተሰብ ስም መሐል ማስገባት ልማድ ነው። ላስት ኔሙ ኮልቤሪ ነው።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ተመልሼ «ኮልቤሪ» ብዬ ጠየቅሁ፤ የለም። መኪናውን ወደ መውጫው ሳዞር ግን ሚስ ሩት መሪውን ያዝ አደረጉ። «ለማንኛውም የአንተን ሰውዬ እንየው። ለእሱም ጎብኚ መጥቶለት አያውቅ ይሆናል።»

የዎከሩ ጎማ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ ብዙ ደከምን። ድንጋዩ አጭር ነው፤ ሽበት አውጥቷል። ከሥራ ቦርሳዬ እርጥብ ሶፍት አውጥቼ ጠረግሁት። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ሻምበል ኤድዋርድ ላይል፣ የሽሮፕሺር ሰው። ባለቤቱ ሐና።» ከታች ሣር የሸፈነው ነበር፤ በጣቴ ፈለቀቅሁት። «ልጃቸው ዋልተር ኮልቤሪ አቆመላቸው።»

ሚስ ሩት ጎንበስ አሉ። ጓንታቸውን አውልቀው «ዋልተር» የሚለውን ዳሰሱ፤ ከዚያ «ሐና» የሚለውን፣ ረዘም አድርገው።

«ሻምበሉ ኮልቤሪ የሚለውን ስም ጥሎታል» አሉ በመጨረሻ። «ለዚህ ነው የጠፋው። ከአባቱ ጋር ምን ቢጣሉ ነው የእናቱን ስም የያዘው? አያቴ ደግሞ መልሶ አነሣው።» ጓንታቸውን መልሰው እያጠለቁ፣ «ሐና መባሏን ማንም ነግሮኝ አያውቅም» አሉ።

ወደ መኪናው ስንመለስ ስለ ራሴ አሰብኩ። ሰባት አባት ሳልንተባተብ እቆጥራለሁ፤ አባቴ ነው ያስጠናኝ። እናቶቹን ቁጠር ብባል ግን ከአያቴ አላልፍም።

መልስ

ቤት እንደገባን ሚስ ሩት ኮታቸውን ሳያወልቁ ለጄራልድ ስልክ ደውልልኝ አሉኝ። እንግሊዝ ላይ መሽቷል። የድንጋዩን ፎቶ ላክሁና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እኔ ሰሐን ማጠብ ጀመርኩ።

ጄራልድ ፎቶውን እስኪያይ ሁለት ሰሐን አጠብኩ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሩት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ላይል የእናቱ ቤት ነው፤ ልክ ነሽ። መስመሩን እሰርዘዋለሁ። ዋልተር፣ ሮበርት፣ ከዚያ አንቺ።»

«ሐናንም ጻፍ።»

«ሐናንም። ከአንቺ በታችስ ማንን ልጻፍ?»

የቧንቧውን ውኃ ዘጋሁት። ሚስ ሩት አላገቡም፣ ልጅ የላቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልጆች ፒያኖ ሲያስተምሩ ኖሩ። ያቺ ከሻምበሉ ላይ ያስነሣናት «ዘር ሳይተካ ሞተ» የምትል መስመር በር ከፍታ ወደ እሳቸው ስትመጣ ታየችኝ። ዞር ብዬ ማየት ፈራሁ።

«ማንም የለም» አሉ ሚስ ሩት።

«ገባኝ» አለ ጄራልድ፣ ቀስ ብሎ። «እንግዲያው በደንቡ መሠረት የሚጻፈው…»

«ጄራልድ፣ ሞቻለሁ እንዴ?»

«ኧረ አይደለም! እንዲያ ማለቴ…»

«እንግዲያው እንዲህ ብለህ ጻፍ። ሩት ኮልቤሪ፣ ሚኒያፖሊስ ትኖራለች። ሌላ አትጨምርበት።»

ሲጽፍ ይሰማ ነበር። «ሚኒያፖሊስ ትኖራለች» ብሎ መልሶ አነበበላቸው። ሚስ ሩት ስልኩን ዘግተው ሻይ አምጣልኝ፣ ዛሬ ስኳር ይግባበት አሉኝ።

ብሩክሊን ሴንተር ስደርስ አመሻሽ ላይ ነበር። መኪናውን ካቆምኩ በኋላ ሞተሩን አጥፍቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። የዘር ሐረግ መጽሐፍ ሲነበብ ግሡ ሁሉ ያለቀ ነው፦ ተወለደ፣ አገባ፣ ዘመተ፣ ሞተ። ይህን ያህል ዘመን ግጥም ስጽፍ፣ የአንድ ግሥ ጊዜ ሰው ሊያድን እንደሚችል አላስተዋልኩም ነበር። የኮልቤሪዎች መጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ፣ ከዚያ ሁሉ ባላባትና ወታደር መካከል ገና ያላለቀ ግሥ ያላት አንዲት ሴት ትኖርበታለች።