«አይነካም»ን የሚፈልገው ስልክ

መሥሪያ ቤታችን ኔትወርክ የምትጠግነውን ሴት «አንቴና» እንላታለን። በስሟ የሚጠራት አለቃችን ብቻ ነው፤ እሱም ሲቆጣ። ከስድስት ዓመት በፊት ከታናሽ ወንድሟ ጋር ተጣልታ «ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ» አለችው። ልጁ ቃሉን አከበረ፤ እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ትደውልለታለች። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። «አኩርፎኝ ነው እንጂ በሕይወትስ አለ» ትለናለች። ሳምንቱን የምትገፋው በዚያ ጥሪ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዲስ የዋይፋይ መቃኛ ፕሮግራም ለመልመድ ከእናቷ ጋር በምትኖርበት ቤት ላፕቶፑን ከፈተች። አጀማመሩ ቀላል ነው። የላፕቶፑን ዋይፋይ ከመገናኘት ወደ ማዳመጥ ትቀይረዋለህ፤ በአካባቢው ያለው ሁሉ ይዘረዘራል። የሞገዱ ጉልበት የሚለካው ከዜሮ በታች ነው፤ ሰማንያ ከሆነ ሩቅ፣ ሠላሳ ከሆነ አጠገብህ። የጎረቤት ሰማንያ አለ፣ የራሷ አርባ። ከዝርዝሩ ሥር ግን ከምንም ጋር ያልተገናኘ ስልክ አንድ የሚያውቀውን ኔትወርክ በስሙ እየጠራ ይፈልግ ነበር። «አይነካም»። እንደገና «አይነካም»።

ያን ስም ለቤታቸው ዋይፋይ ያወጣው ወንድሟ ነው። ራውተሩ ከተቃጠለ አራት ዓመት አልፎታል።

ላፕቶፑን ታቅፋ ተነሳች። ኮሪደሩ ላይ ሃምሳ። እናቷ መኝታ ቤት አርባ። ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ሃያ አምስት። ከተጣጠፉት አንሶላዎች ሥር የወንድሟ ስልክ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ ድምፁ ጠፍቶ፣ በርቶ ተቀምጧል። ከእሷ ጥሪ በቀር የማንም ጥሪ የለበትም።

እናቷ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ጥሎት ነው የሄደው» አሉ። «ሲጠራ ከሰማሽ አለ ብለሽ ትተኛለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ስድስት ዓመት ሙሉ አንሶላን ይቅርታ ስትለምን መኖሯ አንገበገባት። ለምን እንደማያጠፉት ጠየቀቻቸው።

«ከራሱ ቁጥር ሌላ በቃሉ የሚያውቀው የለም፤ ከደወለ እዚሁ ላይ ነው የሚደውለው» አሉ።

በማግስቱ እናቷ ወጥ ቤት ሽንኩርት ይልጣሉ፤ እሷ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። እሁድ ነውና እጇ እንደልማዱ ደወለ። አልጠራም። መስመሩ ተይዟል። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ተይዟል። ስልኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቤት ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። ለእናቷ ነገረቻቸው።

እናቷ ቢላውን አስቀመጡ።

«ዝጊውና ሩጪ።»