ጥርሴ፣ እናቴና የፈላው ውሃ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍን ነበር። ፎቶ ስነሳ ከንፈሬን እገጥማለሁ፤ ሰው ሲያስቀኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። የላይኞቹ ክራንቻዎቼ ቦታ አጥተው ድዴ ላይ ከፍ ብለው በቅለዋል፤ የፊት ጥርሶቼም ተገፋፍተው አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቷል። "እንዲያውም ያምርብሻል" የሚል ሰው አይጠፋም። ካማረው ይውሰደው እል ነበር በሆዴ።

አዲስ አበባ ያገኘኋት የጥርስ ሐኪም አፌን ከፍታ እንዳየች "ሕፃን ሆነሽ ግግ ወጥቶልሽ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። "አዎ" ያለችው ከቡራዩ አብራኝ የመጣችው እናቴ ናት። በእሷ ጊዜ ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱን ያዩና "ግግ ነው" ይላሉ፤ ከዚያ ገና ያልበቀለውን የወተት ጥርስ በስለት ፈልፍሎ የሚያወጣ ሰው ዘንድ ይወሰዳል። እኔንም ስድስት ወር ሳይሞላኝ ወስዳኛለች። ሐኪሟ ክፉ አልነበረችም። "ከሥር ያለውን ዋናውን ጥርስ የሚያበላሸው እሱ ነው" ብላ በቀስታ አስረዳችን። እናቴ መሬት መሬቱን አየች። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ቡራዩ ገብተን አሸዋ ሜዳ ስንደርስ "ልትሞቺብኝ ነበር እኮ" አለች።

ሽቦ አልፈልግም ስላልኩ የተሰጠኝ አላይነር የሚባለው ነው። ጥርስ ላይ ልክክ ብሎ የሚገጠም፣ ካልቀረቡት የማይታይ ስስ ፕላስቲክ ነው። በተራ ቁጥር ይሰጣል፤ በየሁለት ሳምንቱ በሚቀጥለው ቁጥር ይቀየራል፤ እያንዳንዱ ጥርሱን ትንሽ ትንሽ ይገፋል። ሲበሉ ይወልቃል፣ በወለቀ ቁጥር ይታጠባል፣ በመጨረሻ ያለቀው ቁጥርም አይጣልም፤ አዲሱ አንድ ነገር ቢሆን ጥርሱን ባለበት የሚይዘው እሱ ነው። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ላይ አለ። አንብቤው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጣቢዋ እናቴ ሆነች። አልጠየቅኳትም፤ ራሷ ወሰደችው። ጠዋት ለቁርስ ሳወልቀው ተቀብላኝ ግቢ ወዳለው ቧንቧ ትሄዳለች። ለሕፃን የሚሸጠውን ለስላሳ ብሩሽ ገዝታለች፤ በፈሳሽ ሳሙና ውስጡን፣ ውጭውን፣ ጠርዙን ትፈትገዋለች፣ ከዚያ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታየዋለች። "ላስቲክሽ ይኸው" ትለኛለች። አላይነር ነው ብላት "እሺ፣ ላስቲክሽ" ትላለች። የጥርስ ሳሙና እንደሚጭረው ነግሬያታለሁ። ሙቅ ውሃ እንዳይነካው የሚለውን ግን አልነገርኳትም። የእኛ ቧንቧ ውሃ ጣት የሚያደነዝዝ ነው፤ ሙቅ ውሃ ከየት ይመጣል ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሰነፍኩ። እሷ ስታጥብልኝ እኔ ሻዬን እጠጣለሁ።

ቁጥር ስድስት ላይ ጥርሴ ሲንቀሳቀስ በመስታወት ይታይ ጀመር። አንድ ቀን እናቴ የሰፈር ወሬ ስታወራልኝ ሳቅ አመለጠኝ። እጄ ጉልበቴ ላይ እንዳለ የታወቀኝ የእሷ ወሬ ሲቋረጥ ነው። አየችኝ፣ አየችኝና ልብስ ላንሳ ብላ ወደ ግቢ ወጣች። ገመዱ ላይ ልብስ አልነበረም።

የማስተር ፕላኑ ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉ ከተሞች ጋር አንድ ላይ ያቅዳል የተባለው ፕላን የእኛንም ሰፈር ይነካል፤ ገበሬው መሬቴ ሊሄድ ነው አለ፣ ተማሪው ወጣ፣ ድንጋይ መንገድ ላይ ተደረደረ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ተኩስ ተሰማ። ሚኒባስ ቆመ። ኢንተርኔት ጠፋ። እኔም ከሥራ ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን የቧንቧው ውሃ ሄደ። የቀረን የአከራያችን ጉድጓድ ነበር፤ ለልብስ እንጂ ለአፍ የማይባል ውሃ።

አከራያችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ኦቦ እንላቸዋለን። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ቁርስ በልቼ ላስቲኩን ለእናቴ ሰጠሁና ወደ በሩ ወጣሁ። ኦቦ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ አምቦ መንገድ ያያሉ።

"ኦቦ፣ ዛሬስ ታክሲ ያልፋል ይላሉ?"

"ካራን ጩፋዳ፣ ልጄ። ዛሬም መንገዱ ዝግ ነው። ቤት ሁኚ።"

ትንሽ አብሬያቸው ቆሜ ተመለስኩ። እናቴ በረንዳው ላይ የፕላስቲክ ሳፋ ፊት ቁጢጥ ብላለች። ከሳፋው እንፋሎት ይወጣል። አጠገቧ ማንቆርቆሪያው አለ።

ሁሉንም ነበር የከተተችው። አፌ ላይ የነበረውን ቁጥር ሰባትን፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩትን ቁጥር ስድስትን፣ ሐኪሟ ቀድማ የሰጠችኝን ቁጥር ስምንትን። የጉድጓድ ውሃ ስለሆነ አፍልታ፣ ደህና እስኪንተከተክ ጠብቃ አፍስሳባቸዋለች። እጄን ሰድጄ አወጣኋቸው። የሦስቱም ጠርዝ ተጠቅልሏል። ቁጥር ሰባትን ልግጠመው ብዬ በኃይል ስጫነው ድዴን ቀደደው፤ ደም ደም አለኝ።

"የጉድጓድ ውሃ ነው እኮ" አለች፣ ፊቴን እያየች። "ሆድሽን እንዳያምሽ ብዬ ነው።"

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ጮኼ አልነበረም፤ ብጮህ ይሻል ነበር። "መጀመሪያም ያበላሸሽኝ አንቺ ነሽ" አልኳት። "አሁን ደግሞ ጨረስሽው።"

ሳፋውን አንስታ ውሃውን ግቢው ጥግ ደፋችው፤ ብሩሹን አጥባ ቦታው መለሰችው። እኔ ገብቼ ተኛሁ።

በዚያ ሰሞን ለጥርስ ማልቀስ ነውር ነበር። ከእኛ በታች ልጅ የሞተበት ቤት ድንኳን ተተክሏል። ሄጄ ተቀመጥኩ፤ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ለቅሶ ቤት አፍ ሸፍኖ ማልቀስ ያለ ስለሆነ ማንም ልብ አላለኝም። ለማን እንዳለቀስኩ እኔ አውቃለሁ፤ አፍሬበታለሁ፣ ግን አልተውኩም።

መንገዱ ሳይከፈት ሳምንታት አለፉ። በየቀኑ በምላሴ ጥርሴን እዳስሳለሁ። ሲስተካከል ያመኝ ነበር፤ አዲስ ቁጥር በገጠምኩ ቁጥር ሁለት ቀን እንጀራ ማኘክ ይከብደኝ ነበር። ወደ ድሮው ሲመለስ ግን ምንም አያምም። በጣም ይመቻል። ተስፋ የቆረጥኩት ይሄ ሲገባኝ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ብቻዬን ሄድኩ። ሐኪሟ አየችና "ከመጀመሪያው መጀመር አለብን" አለች። "ለምን የቀድሞውን ቁጥር አላደረግሽም?"

"ጠፋብኝ" አልኳት።

አዲስ ልክ ወሰደች፤ ውጭ አገር ተሠርቶ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል የሚል ዜና ሰማን። ኦቦ "ቀርቷል አሉ፤ እንጃ" ብለው ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ብዙ ሳይቆይ መንገዱ እንደገና ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ። ከክሊኒኩ ተደውሎ አላይነሩ መጥቷል ተባልኩ። አልሄድኩም። ሰዎች ሲጠይቁኝ መንገዱን አሳብባለሁ። እውነቱ ሌላ ነው፤ እሱን ይዤ ብመጣ ጠዋት ጠዋት ማን ያጥበዋል? ለእናቴ ብሰጣት ያ ሳፋ ይታወሳታል። ባልሰጣት ደግሞ ያን ቃል በየቀኑ እደግምላታለሁ ማለት ነው።

ወረቀቱን ከዓመት በኋላ ቦርሳዬ ውስጥ አገኘሁት። ሙቅ ውሃ የሚለው ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፤ በደማቁ ተጽፏል። ላነብላት ወደ ጓዳ ሄድኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ልላት። ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቀና ብላ ስታየኝ ወረቀቱን አጥፌ ያዝኩትና "ውሃ ስጪኝ" አልኳት።

ተነስታ ከጀሪካኑ ቀዳች። ብርጭቆውን ከመስጠቷ በፊት በሁለት መዳፏ ያዘችው፣ ከዚያ ጉንጯ ላይ አስነካችው። ላስቲኩ ላይ የፈላ ውሃ ካፈሰሰችበት ጠዋት ወዲህ ውሃ በሰጠችኝ ቁጥር እንዲህ ነው የምታደርገው። እስከ ዛሬ አልተወችም።

"ቀዝቃዛ ነው" አለችኝ።